በሬዎቹ የሚዞሯት ቦታ

እርጥብ ሱፍ ሙቀት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ በግ፣ ጭስና ዝናብ አንድ ላይ የተቀቀሉ የሚመስል። እዚህ ሊባኖስ፣ ከቤሩት ሽቅብ ባለው ተራራ ላይ፣ የማገለግልበት ቤት እመቤት በቅርቡ ወልዳለች። እናቷ ያመጣችላትን የሱፍ ብርድ ልብስ አጥቤ፣ ውጭው ሁሉ በረዶ ስለሆነ ማሞቂያው ላይ ዘረጋሁት። ጥቂት ቆይቶ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሕፃኑን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ሳላስበው ወደ በሩ ዞርሁ፤ አንድ ሰው ደፉ ላይ ተቀምጦ እንዳያሳልፈኝ የፈራሁ ይመስል።

የፈራኋት እትዬ አጓጉሽን ነው። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። አፌ አንቱ እያላት ነው ያደግሁት፤ ልቤ ግን አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብሏት አያውቅም፤ ስለዚህ እዚህም ልቤ እንደሚላት አድርጌ እጽፋታለሁ። አልወዳትም ነበር። ዛሬም አልወዳትም። ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ክርስቲያን ነኝና። ከዚያ ያለፈ ደግነት ግን ከእኔ የሚጠብቅ ካለ አያገኝም።

የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ገና በወጣትነቷ ባሏን ጥላ ወደ አባቷ ግቢ ተመለሰች፤ እኔ ነፍስ ሳውቅም ከቤታችን ጀርባ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ አገኘኋት። ሰፈራችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጡ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጉሙ ከቀኑ ግማሹን የሚወስድበት ብርድ አገር። እሷም ለብርዱ ዘመዱ ትመስለኝ ነበር። ረጅም ነች፣ ደረቅ ነች፣ ስትስቅ ያያት ሰው የለም። ከበግ ሱፍ የተሠራ ጥቁር ባናዋ ክረምት ከበጋ ከትከሻዋ አይወርድም። ዝናብ ይመታዋል፣ ምድጃ ዳር ይጨሳል፣ ሳይደርቅ ደግሞ ይመታል። ስትመጣ ሽታዋ ይቀድማታል፤ እኛ ልጆች በሽታው ነበር የምንበተነው።

ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስድብ ነበራት። አባቴን፣ «እናታችን አንተን ሳትጨርስ ነው የወለደችህ» ትለዋለች፤ እሱም ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሦስት ጥማድ መሬት የሚያርስ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። እናቴ ከወንዛዬ በኩል ነው የመጣችው፤ ፍል ውሃው ካለበት፣ አገሩ ሞቅ ካለበት። ያንን እንደ ወንጀል ነበር የምትቆጥርባት። እናቴ እጇን ለመታጠብ ውሃ ለብ ስታደርግ ካየቻት፣ «አይ የኔ እመቤት፣ ፍል ውሃውማ እዚያው ወንዛዬ ቀርቷል!» ትላለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጋ። እኔን ደግሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ በዝቷል» ነበር የምትለኝ።

ከጎጆዋ ጀርባ፣ ከገብሱ ማሳ ዳር፣ አንዲት ቁርበት የምታህል ያልታረሰች ቦታ ነበረች። ሣር ይበቅልባታል፤ በመስከረም አደይ አበባ ይወጣባታል። አባቴ ሲያርስ እዚያ ሲደርስ ድግሩን ብድግ አድርጎ በሬዎቹን ያዞራል፤ አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም። አንድ እንቁጣጣሽ ላይ አበባ ልቀጥፍ ገባሁባት። ከየት መጣች ሳልል ልምጩ ባቴ ላይ አረፈ።

«ጉና ሙሉ አበባ ነው! ሌላ ቦታ አጥተሽ ነው?» አለችኝ። ድምጿ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። በንዴት ነው ብዬ አሰብሁ። እናቴ ሰንበሩን ቅቤ ቀባችልኝና፣ «እዚያ አትሂጂ» ብቻ አለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «አትሂጂ አልሁሽ» አለች፤ ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ የተወለደችው በፍልሰታ ጾም ነው፤ ነሐሴ ዝናቡ እላያችን ላይ ተቀምጦ ውሎ በሚያድርበት ወቅት። ማንም አልጠራትም፤ እትዬ አጓጉሽ ግን ምጡን እንደሰማች ባናዋን ሰብስባ ገባች፣ አዋለደችም። በእኛ አገር የአራስ ቤት የገባ ሰው፣ ካህን መጥቶ ቤቱን ጸበል እስኪረጭ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ፍልሰታን ደግሞ ኪዳኑንም ቅዳሴውንም አስታጉላ አታውቅም። ስለዚህ ገና ከመወለዷ ከሕፃኗ ጋር ተጣላች። «ፍልሰታዬን ነጠቀችኝ ይቺ» ትላለች፣ እትብቱን እያሰረች። «ሌላ ወር ጠፍቷት ነው?»

ያደረገችውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ዓይኔ በዝቶ ነበርና። ሕፃኗን ወዲያው ከጋን በተቀዳ ውሃ አጠበቻት፤ ሰውነቷ ይጠነክራል ብላ። እናቴ፣ «እትዬ፣ ለብ ቢደረግ» አለች በደከመ ድምፅ። መልሱን ገምቱት፤ ወንዛዬ ነበር። ከዚያ የእናቴን ጡት አለበችና የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት አመድ ላይ አፈሰሰችው። «እንገር ለጥጃ ነው፤ ይሄ ሆዷን ያበላሸዋል» አለች። በጣቷ ቅቤ ዝቃ የሕፃኗ አፍ ውስጥ ከተተች። ሕፃኗን ከእናቴ ለይታ መደብ ላይ በጨርቅ ጠቅልላ አስተኛቻት፤ «ተጠግታ እንዳትለምድ» ብላ። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትናንሽ ጥፍሮቿን አያለሁ። ሰማያዊ ነበሩ።

ከዚያ እትዬ አጓጉሽ ደፉ ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ እግሯን በበሩ አግድም ዘርግታ ተቀመጠች። ጎረቤት ሴቶች የገንፎ እህልና ቅቤ ይዘው አራስ ሊጠይቁ ይመጣሉ። «ዓይንሽን እዚያው አስቀምጪና እጅሽን ስጪኝ» ትላለች፤ የያዙትን ተቀብላ ትመልሳቸዋለች። አንዷ ቅር ብሏት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ እንኳ አንበላት?» ብትል፣ «ማርያም እኮ ደንቆሮ አይደለችም፤ ከቤትሽ ሆነሽ ንገሪያት» አለቻት።

ወይኒቱን ያገኘቻት በዚያ በር ላይ ነው። ወይኒቱ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ከእብናት የመጣች ቀጭን ልጅ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ የደረሰ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። አራሷን ልያት።»

«ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት እትዬ አጓጉሽ፣ እግሯን ሳትሰበስብ።

«አልወለድሁም።»

«እንግዲያ የወለደችውን ምን ልታስተምሪ መጣሽ? ሂጂ መጀመሪያ ባል ፈልጊ።»

ደፉ ላይ ቆመው የነበሩ ሴቶች ሳቁ። ወይኒቱ ፊቷ ቀላ፤ ልጅ ነች፣ ተናደደች።

«እርስዎስ ስንት ወልደው ስንት አሳደጉ?»

ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እትዬ አጓጉሽ ባናዋን ወደ አንገቷ ሳበችና ወደ ዝናቡ ዞረች። ወይኒቱ ምን እንደተናገረች ሳታውቅ ተመለሰች። እኔም አላወቅሁም። እሰይ ብዬ ነበር።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ ሕፃኗ መጥባት ተወች። ጡት አፏ ውስጥ ቢገባም አትስበውም። ልቅሶዋ ቀጠነ፤ በመጨረሻ ድመት ከሩቅ የምትጮህ ይመስል ነበር። እግሯን ስነካው የወንዝ ድንጋይ ሆኗል። እትዬ አጓጉሽ ከእኔ ቀድማ አይታው ኖሯል፤ በጠዋት አባቴን፣ «ቄስ አስረስን ጥራ፣ ክርስትና ያንሷት፣ አሁኑኑ» ብላ ልካዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ አየችና፣ «ጀሪካኑን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ከወይኒቱ ዘንድ።» ጀሪካኑን ሳነሳ እትዬ አጓጉሽ ውሃ የምቀዳ መስሏት እግሯን ሰበሰበችልኝ። ባዶ ጀሪካን እያንኳኳሁ በጭቃው ቁልቁል ሮጥሁ።

ወይኒቱ ስትመጣ ሰላምታም አልሰጠች። የእትዬ አጓጉሽን እግር ተሻግራ ገባች። ትልቅ ሰውን መሻገር በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሕፃኗን ከጨርቁ ፈትታ፣ አደራርቃ፣ ራቁቷን በእናቴ ጡቶች መካከል አስተኛቻት፤ የሕፃኗን ራስ በገዛ ሻሿ ጠቀለለችላት፣ ሁለቱንም በአንድ ጋቢ ሸፈነቻቸው።

«ቀዝቅዛለች። የጠፋባት ሙቀትና ወተት ነው። ገላሽ ላይ ትቆይ፣ እንዳታወርጃት። አሁን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

እትዬ አጓጉሽ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። በሩን ሞላችው፤ ቤቱ ጨለመ።

«ሳትጠመቅ ከዚህ ደፍ አትወጣም።»

«እትዬ፣ ልጅቱ እየሞተች ነው።»

«እሱን መች አጣሁት! ለዚህ አይደል የምልሽ? መንገድ ላይ ብትሞትስ? ክርስትና ያልተነሣችን ማን ቅጥር ግቢ ያስገባታል? ውሻ ናት ከአጥር ጀርባ የምትጣለው? መጀመሪያ ሽቅብ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ወዴትም ውሰዷት።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈራችን ሽቅብ ነው፤ ጤና ጣቢያው ቁልቁል፣ አስፋልቱ ዳር። ሽቅብ ደርሶ፣ በዚያ ብርድ በውሃ ተነክሮ፣ እንደገና ቁልቁል የሚወርድ ትንፋሽ ያቺ ልጅ አልነበራትም። እኔ እንኳ ይህ ገብቶኛል። ይህቺ ሴት ግን የምትከራከረው ስለ መቃብር ነበር። ልጅቱ ገና ትተነፍሳለች፤ እሷ የምትቀበርበትን ቦታ ትመርጣለች። በዚያች ደቂቃ የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እናቴ ተነሣች። ደሟ ገና አልቆመም፤ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው በጋቢው ውስጥ ያለችውን ይዛ ቆመች። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለዚህች ሴት መልስ ሰጥታ አታውቅም።

«እትዬ፣ ከመንገዴ ይነሡ» አለች።

«ብትሞትብሽስ?»

«ብትሞትም ደረቴ ላይ ትሙት። ከመንገዴ ይነሡ።»

ይህን ሲባባሉ ነው አባቴና ቄስ አስረስ የደረሱት። ቄስ አስረስ የንስሐ አባታችን ናቸው፤ እርጅና የተጫናቸው፣ ጥምጥማቸው ከዝናቡ የከበደ። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ጸበል ይዘዋል። ሁለቱንም ወገን ሰሙ። ጋቢውን ገለጥ አድርገው ሕፃኗን አዩ። ከዚያ፣ «ወንዶቹን ጥራ፣ ቃሬዛ ይምጣ» አሉት አባቴን። «ቁልቁል ነው የምንሄደው። እኔ ከጎኗ አልለይም። ስትደክም ካየኋት እዚያው መንገድ ላይ አጠምቃታለሁ።»

«አባ፣ መንገድ ላይ?» አለች እትዬ አጓጉሽ።

«እግዚአብሔር ሽቅብ ብቻ ነው ያለው ያለሽ ማነው፣ አጓጉሽ?»

እሷ እጇን ዘርግታ ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጠቀቻቸው። «ይምጣ፤ እርስዎ ያንሸራትትዎትና ያፈሱታል» ብላ ከባናዋ ሥር ከተተችው።

መንገዱ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። የሰፈር ወንዶች እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ከፊት፣ ወይኒቱ በአንድ ጎን፣ ቄስ አስረስ በሌላው፣ እኔ ከኋላ። እትዬ አጓጉሽ ከሁላችንም ኋላ፣ ባናዋን ደረቷ ላይ ጨምድዳ፣ እየተሳደበች። «ድንች የጫናችሁ መሰላችሁ እንዴ? ቀስ!» ወንዶቹ ቀስ ሲሉ፣ «ተኛችሁ?» ወይኒቱን፣ «ደግሞ ጫማዋ!» አባቴን መቼም አትተወውም። ትከሻ ለመቀያየር ቃሬዛው ባረፈ ቁጥር ግን ስድቡ ይቆማል፤ እየሮጠች መጥታ ቄስ አስረስን፣ «አባ፣ ትተነፍሳለች?» ትላለች። «ትተነፍሳለች» ሲሏት ትመለሳለች። እንደገና ሲያርፍ፣ እንደገና፣ «አባ፣ ትተነፍሳለች?»

የጤና ጣቢያው በር ላይ ደረስን። እናቴን አስገቧት። እትዬ አጓጉሽ አልገባችም፤ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቆመች፣ ጠርሙሱን ከባናዋ ሥር አወጣችና ለቄስ አስረስ እንዳደርስ ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀበልሁት፤ ደንግጬም ልለቀው ነበር። ሞቋል። መንገዱን ሙሉ ገላዋ ላይ አድርጋ አሙቃዋለች።

አፈጠጥሁባት።

«ምን ታፈጫለሽ? ቀዝቃዛ ሲሆን ያቺ ባለ ቦርሳ ትጮህብናለች» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ጸበሉ የዚያን ቀን አላስፈለገም። ጥሩወርቅ ከእናቴ ገላ ሳትለይ፣ ከጡት የታለበ ወተት በትንሽ ኩባያ ጠብ ጠብ እየተደረገላት፣ ቀስ በቀስ ሞቀች። ጥፍሮቿ ቀሉ። ከዚያ ልክ እንደ ሰው አለቀሰች፤ እኔ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። እናቴ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ። በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ በእናት አባት ቤት ይወለዳል። እትዬ አጓጉሽም የበኩር ልጇን ልትወልድ አሁን እኛ ወዳለንበት ግቢ መጥታ ነበር፤ ሴት ልጅ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያቺ ልጅ ግን ሳትደርስ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርምና፣ አያቴ ከማሳው ዳር ቆፍሮ ቀበራት። ባሏ ሊወስዳት ሲመጣ ከእሱ ጋር አልሄድም አለች። ቦታዋን ጥላ አልሄድም አለች። አደዩ የሚበቅለው እዚያ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደድኋት ብል ውሸት ይሆናል። አልወደድኋትም። መስኮቱ ጋ ሄጄ አየኋት፤ ጠፈጠፉ ባናዋ ላይ እየወረደ፣ እንደ ምሰሶ ቆማለች። «ግቢ» ስትባል አልገባም አለች። አዘንሁላት፣ እሱን አልክድም። ግን ያንን ወተት አመድ ላይ ያፈሰሰችው ያቺው እጅ ናት። የጋኑን ውሃ ያፈሰሰችውም ያቺው እጅ ናት። የራሷን ልጅም እንዲሁ አድርጋ አጥባት እንደሆነ አስቤ አውቃለሁ። ምናልባት እሷም አስባው ይሆናል። ልጅ የሞተበት ሰው የሌላውን ልጅ እንዲህ እንዲይዝ ፈቃድ የሰጠው የለም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ፣ የሰው ሕፃን ታቅፌ።

እሷም አልተለወጠችም። ጥቅምት ላይ ጥሩወርቅ ክርስትና ስትነሣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ቆማ ቆየች። ማተቡ ታስሮላት ስትወጣ ቀረብ ብላ አየቻትና፣ «ያ ሁሉ ሩጫ ለዚህች አፍንጫ ነው?» አለች። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስታምጥ ግን በሩ ላይ አልተቀመጠችም። ጎጆዋ ውስጥ ሆና፣ «ሂጂ፣ ያቺ ባለ ቦርሳ ትጠብቅሻለች፤ ምን ትጎለቻለሽ!» ብላ ጮኸች። ይህን እንደ ይቅርታ የቆጠረው አባቴ ነው። እኔ አልቆጠርሁትም።

ያረፈችው እኔ እዚህ መጥቼ ነው። በስልክ ሰማሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ጥዱ ሥር ተቀብራለች። ማታ ማታ ስጸልይ የሞቱብኝን በክርስትና ስማቸው እጠራለሁ። እሷንም እጠራለሁ፣ ወለተ ሐና ብዬ፣ እንደ ግዴታ፣ ፈጠን ብዬ። ከእሷ ቀጥሎ የምትመጣዋ ግን ስም የላትም። ስም ሳይወጣላት ነው የሄደችው። እዚያ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ጥሩወርቅ ዛሬ አግብታ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ቀኗ ስለተቃረበ ከጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ውስጥ ነች። ትናንት የደወለልኝ ግን ወንድሜ ነው። መሬቱን አሁን የሚያርሰው እሱ ነው፤ አዲስ የገዛቸውን በሬዎች ሊያሳየኝ ስልኩን ወደ ማሳው አዞረው። አፈሩ ተገልብጦ ጥቁር ሆኗል። ዳር ላይ ያቺ ቁርበት የምታህል ሣር አረንጓዴዋን ይዛ ቁጭ ብላለች። ስለ እሷ የነገረው ሰው የለም፤ እናቴም አልነገረችውም፣ እኔም አልነገርሁትም።

«እሷን ለምን አታርሳትም?» አልሁት።

ስልኩን ወደ ፊቱ መለሰው።

«እንጃ» አለ። «አባባ ያዞር ነበር። አሁን እነዚህም ለመዱ መሰለኝ፤ እዚያ ሲደርሱ ራሳቸው ይዞራሉ።»